ጀልባው ቢሾፍቱ ይደር፣ ለእኛ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል ስጡን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለታንኳ እሽቅድድም ክለብ ክፍልና የመዋኛ ገንዳ ሰዓት ስለመጠየቅ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ፣ አሁንም የምኖረው እዚያው ነው። ይህን ደብዳቤ አሽጌ መዝገብ ቤት ማስገባት እችል ነበር። በግልጽ የጻፍኩት ጎረቤቶቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። የምጠይቀው ነገር ያለ እነሱ አይሆንም።

የምጠይቀው የታንኳ እሽቅድድም ክለብ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ያውም መሀል ከተማ።

ይህን ባልኩ ቁጥር ሰው «ውሃው የታለ?» ይለኛል። ልክ ነው። ቀበናና ግንፍሌ በበጋ ጫማ አያርሱም፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ድንጋይ እያንከባለሉ ነው የሚወርዱት። ዳርቻቸው እያማረ ነው፣ ደስ ይላል። ውሃቸው ግን ገና እጅ የሚነከርበት አይደለም። ገፈርሳና ለገዳዲ የምንጠጣው ውሃ ስለሆነ አይነካ። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱንም አልጠይቅም። የምፈልገው አንድ ሰፋ ያለ ክፍልና በሳምንት ጥቂት የገንዳ ሰዓት ነው። ጀልባዎቹ ቢሾፍቱ ይደሩ።

ለጀልባ ስፖርት ክፍል ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ላስረዳ።

ለትምህርት ቡዳፔስት ኖሬአለሁ። ሃንጋሪ እንደ እኛው ባሕር የላትም። ሕዝቧም ከ10 ሚሊዮን በታች ነው። በታንኳ እሽቅድድም ግን ከዓለም ቀዳሚዎች አንዷ ናት። ዳኑታ ኮዛክ የምትባል አትሌታቸው ከለንደን 2012 እስከ ቶኪዮ በተደረጉት ሦስት ኦሎምፒኮች 6 ወርቅ ወስዳለች። ይሄ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ሮማይ ፓርት የሚባለው ሰፈር ብትሄዱ የጀልባ ቤቶች ተያይዘው ታያላችሁ። ተማሪው ቦርሳውን ጥሎ ጀልባውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ጡረተኛውም ከኋላው አለ።

እኔም አንድ የሰፈር ክለብ ጀማሪ አዋቂዎችን ይቀበላል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። አሠልጣኙ ስሜን እንኳ ሳይጠይቀኝ «ዋና ትችያለሽ?» አለኝ። እችላለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ገንዳ ወስደው አዩኝ። ከዚያም ጀልባ አልሰጡኝም። አንድ ቤት ውስጥ አስገቡኝ። ቤቱ ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራ ጠባብ ገንዳ አለ። መቀመጫው የታሰረ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። እዚያ ላይ ተቀምጣችሁ ስትቀዝፉ ውሃው ይሄዳል፣ እናንተ ትቀራላችሁ። መቅዘፊያው ውሃው እንዳይከብደው ቀዳዳ ቀዳዳ ተደርጎለታል። በብርዱ ወራት፣ ዳኑብ አላስገባ ሲል፣ ቀዛፊዎቹ የሚከርሙት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ይሮጣሉ፣ ብረት ያነሳሉ፣ ይዋኛሉ። ወንዙን የሚያገኙት ብርዱ ሲያልፍ ነው።

አራት ኪሎ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። እነሱ በብርድ ምክንያት ለወራት የሚያደርጉትን እኛ በውሃ እጦት ምክንያት ከሰኞ እስከ ዓርብ ብናደርገው ምን ይለናል? ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ አለ።

ስለ ስፖርቱ ራሱ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚያደናግረው። የእሽቅድድም ጀልባው ሁለት ዓይነት ነው። ካያክ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ ግራ ቀኝ ትቀዝፋላችሁ። አቅጣጫ የምትይዙት በእግራችሁ በምትዘውሩት መሪ ነው። ካኑ ላይ ደግሞ በአንድ ጉልበት ተንበርክካችሁ በአንድ ወገን ብቻ ትቀዝፋላችሁ። መሪ የሚባል ነገር የለውም፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በእጃችሁ ብልሃት ነው። በሁለቱም ፊታችሁ ወደምትሄዱበት ነው። ጀርባ ሰጥተው የሚቀዝፉት ሌላ ስፖርት ነው። ጂም ውስጥ ያለው የቀዘፋ ማሽንም የእነሱ ነው፣ ለእኛ አይሆንም። (ይህን የምለው «ጂም አለ አይደል እንዴ?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ ነው።)

ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን ላይ ነው። ርቀቶቹ 200፣ 500 እና 1,000 ሜትር ናቸው። በካያክ ለብቻቸው 1,000 ሜትር የሚቀዝፉት ምርጥ ወንዶች ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅባቸዋል። ይሄ የ1,500 ሜትር ሯጭ ሰዓት ነው። ሴቶቹ 500 ሜትርን ከሁለት ደቂቃ በታች ይጨርሱታል፣ ወደ 800 ሜትር ሩጫ የሚጠጋ ጊዜ ማለት ነው። እዚህ አገር ስለ 800 እና ስለ 1,500 ሜትር የማያወራ ሰው የለም፣ ሳንባው እንዴት እንደሚቃጠል እናውቃለን። ከተማችንም በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ነው። ግን «ከፍታ አለን፣ ሜዳልያው የእኛ ነው» ብዬ አላታልላችሁም። ሳንባ ብቻውን አይቀዝፍም። ሥራው ያለው ወገብና ጀርባ ላይ ነው፣ እሱን ለመገንባት ዓመታት ይፈጃል። ሜዳልያ ቃል አልገባም።

ሚዛኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የአንድ ሰው የእሽቅድድም ካያክ እስከ 5.20 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ ከ12 ኪሎ ማነስ የለበትም። ስፋቱ ግን ዳሌ ለማስገባት ብቻ ነው። እንደ ብስክሌት ነው፣ ሲሄድ ይቆማል፣ ሲቆም ይወድቃል። ስለዚህ ማንም ክለብ ጀማሪን እዚያ ላይ አያስቀምጥም። ሰፋ ካለው ጀልባ ተነስቶ ወደ ጠባቡ ይኬዳል። ያየሁት አስቂኝ ነገር ቢኖር ጡንቻ ያላቸው ጎረምሶች ቀድመው መገልበጣቸው ነው። ይገተራሉ፣ መቅዘፊያውን አንቀው ይይዛሉ፣ ጧ! አጠገባቸው አንዲት ቀጭን የ10 ዓመት ልጅ እያፏጨች ታልፋለች።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ምን ይቀመጥበታል? የካያክ ቀዘፋ መለማመጃ ማሽን። ፋብሪካ የሠራው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፣ እሱ ይቅርብን። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። መቀመጫ፣ የእግር መርገጫ፣ ሁለት ገመድ፣ ነፋስ የሚቀዝፍ ክንፍ የተበየደበት ጎማ። ሥዕሉን ይዤ መርካቶ አንድ በያጅ ዘንድ ሄድኩ። አገላብጦ አየና «ይቺ ናት?» አለኝ። ቱቦላሬ፣ ኩሽኔታና የሳይክል ቸርኬ አምጪ ብሎኝ አሁን እየሠራው ነው። ለጀማሪ የሚሆኑትን ሰፋፊ ጀልባዎችም እዚሁ መሥራት የሚቻል ይመስለኛል። የተሰበረ የመኪና ፓራውልት በፋይበር ግላስ አዲስ አድርገው የሚመልሱ ሰዎች ያሉባት ከተማ ናት። ቅርጹን ካገኙ ጀልባ አያቅታቸውም። የውድድር ጀልባ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ጊዜው ሲደርስ ይታሰብበታል።

እስከዚያው ጃን ሜዳ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን በመጥረጊያ እንጨት እንለማመዳለን። ወገብ ማዞር ለመልመድ ይበቃል። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች «አይዞሽ፣ ደርሰሻል!» ይሉኛል። ለምጄዋለሁ። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «አንቺ ልጅ፣ ምነው ደህና ነሽ?» አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው በሁለተኛው ሳምንት የልጅ ልጃቸውን ላኩልኝ። አሁን ከእኔ ይልቅ ወገቧን አሳምራ የምታዞረው እሷ ናት።

ስለ ገንዳው ግን ጠበቅ አድርጌ መናገር አለብኝ። ከጠየቅኩት ሁሉ አንዱን ብቻ ስጡኝ ካላችሁ ገንዳውን ነው የምመርጠው።

ዋና የማይችል ሰው የእሽቅድድም ጀልባ ላይ አይወጣም። ላይፍ ጃኬት ቢለብስም አይወጣም። መገልበጥ በዚህ ስፖርት አደጋ አይደለም፣ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ይማሩታል። ገንዳ ውስጥ ሆን ብላችሁ ትገለበጣላችሁ። እግራችሁን ታወጣላችሁ። ጀልባውን አትለቁም፣ ምክንያቱም ጀልባው ይንሳፈፋል። መቅዘፊያውንም አትለቁም። እየገፋችሁ ወደ ዳር ትዋኛላችሁ። ሳትደነግጡ እስክታደርጉት ድረስ ይደጋገማል። ይህ ማለት ክለባችን ለመጀመሪያዎቹ ወራት የዋና ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው። ማንም ወደ ውድድር ባይደርስ እንኳ ዋና የቻለ ሰው ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በየክረምቱ የምንሰማውን ታውቃላችሁ። ድንጋይና አሸዋ የተቆፈረበት ጉድጓድ ውሃ ይሞላል። ልጆች ለዋና ይገባሉ። የእሳትና አደጋ ሠራተኞች ተጠርተው አስከሬን ያወጣሉ። ማታ በሬዲዮ «ወላጆች ልጆቻችሁን ጠብቁ» ይባላል። በሚቀጥለው ክረምትም ያው ዜና ነው። ልጅ ውሃ ካየ ይገባል፣ ይህን በማስጠንቀቂያ የሚያስቆም ወላጅ አላየሁም። እኛም ያደግነው «ውሃ ዳር እንዳትሄጂ!» እየተባልን ነው። «ነይ ላስተምርሽ» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ዋናተኛችን በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ መጨረሻ ሲወጣ ያ ሁሉ ሳቅና ስድብ ትዝ ይላችኋል? ያን ሰሞን ካፌ ውስጥ የሚስቁትን እያየሁ፣ ከእነዚህ ውስጥ አንድ ገንዳ ርቀት ሳይቆም የሚሻገር ስንቱ ይሆን እል ነበር። ልጁ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። የት ይለማመድ?

ገንዳ በራሳችን ለማግኘት ሞክረናል። አንድ ሆቴል ሄደን «ገንዳችሁ ውስጥ ጀልባ መገልበጥ እንለማመድ፣ እንከፍላለን» አልናቸው። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው፣ አልሳቀም። የዋጋ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየ። ለጀልባ የሚሆን አላገኘም። ሲጨንቀው የሠርግ ፎቶ ሂሳብ ነገረን። አመስግነን ወጣን።

የምንጠይቀው ሰዓት ማንም የማይፈልገውን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል። በእናንተ ሥር ያለ ወይም እናንተ ደውላችሁ የምታስከፍቱት የትኛውም ገንዳ ይሁን፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባለው መሀል ከሆነ በእግርም በታክሲም እንደርሳለን። ጠባቂና አንድ የዋና አሠልጣኝ ከተመደበልን ሌላውን እኛ እንችላለን።

ክፍሉ ደግሞ ደረጃ የሌለው፣ መሬት ላይ ያለ ቢሆን እመርጣለሁ። ምክንያት አለኝ። የአካል ጉዳተኞች የታንኳ እሽቅድድም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ፓራሊምፒክ ውስጥ አለ። ካያካቸው ሰፋ ያለ ነው፣ መቀመጫው እንደየሰውየው ይስተካከላል። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ውሃው ላይ ከእኔና ከእናንተ እኩል ይሄዳል፣ እንዲያውም ጥሎን ይሄዳል። ችግር የሚሆነው ከውሃው በፊት ያለው ደረጃ ነው።

አሁን ቢሾፍቱ። ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ጀልባዎቹ እዚያው ሐይቅ ዳር የሚያድሩበት መጠለያ ይፈልጋሉ። አምስት ሜትር ከምናምን የሆነ ጀልባ ሚኒባስ ጣራ ላይ ጭኖ ቃሊቲን ለማቋረጥ የሚስማማ ሹፌር እስካሁን አላገኘሁም። ሐይቅ ሲመረጥ ሆራ አርሰዲ ይቅር። ኢሬቻ የሚከበርበት ስፍራ ነው፣ የልምምድ ሜዳ ማድረግ አይገባም። ባቦጋያ ወይም ኩሪፍቱ ይታዩ። ይህ የሚሆነው ከቢሾፍቱ ከተማ አስተዳደርና እዚያ ዓሣ ከሚያሰግሩት ሰዎች ጋር ተነጋግረን ነው። ከቢሮ ለቢሮ የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ እኛ ዓመት የምንለፋበትን በሳምንት ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ሐይቆች ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳሉ ይጠልቃሉ። ስለዚህ አንድ ባለሞተር ጀልባ ከነነፍስ አድን ሠራተኛው ሳይኖር ማንም ወደ መሀል አይገባም። ልምምዱም ጠዋት ይሁን፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ይህ በክለቡ ደንብ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።

ከተቻለ ሌላም አለኝ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው ወዳጅነት ፓርክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው። ለእሽቅድድም አይሆንም፣ አልጠይቅምም። ፓርኩ ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት በማለዳ ሁለት ሰፋፊ የጀማሪ ጀልባዎች እዚያ ላይ ቢወርዱ ግን ማንን ይጎዳል? ባለሙያ ጥልቀቱንና ውሃውን ይየው። የሚሆን ከሆነ የፓርኩን አስተዳደር አናግሩልን። የማይሆን ከሆነም ቅር አንሰኝም።

ስለ አሠልጣኝም ሐሳብ አለኝ። ስፖርቱ አዲስ ቢሆንም ታንኳ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ጣና ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ ሲያሰግሩና እንጨት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰዎች አሉ። ነፋስ ከየት እንደሚመጣና ሚዛን እንዴት እንደሚያዝ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የውድድሩን ቴክኒክ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ በአጭር ሥልጠና ያስተምረናል። የውሃውን ጠባይ የሚያውቅ ረዳት አሠልጣኝ ግን ከባሕር ዳር ይምጣልን። ግድግዳው ላይ ሰርተፍኬት የሰቀለ የጂም አሠልጣኝ ከሚመደብልን እሱን እመርጣለሁ።

ፈቃዱ ላይ ደግሞ ተጠምጥመናል። አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። የክለብ ፈቃድ ለማውጣት የማሠልጠኛ ቦታ ውል አምጡ ተባልን። ቦታ ያለው አካል ዘንድ ሄድን። ውል ለመዋዋል የክለብ ፈቃድ አምጡ አለን። ማናቸውም አልዋሹም፣ መመሪያው እንደዚያ ነው። ለዚህ የምለምነው የአንድ ዓመት ጊዜያዊ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በዓመቱ ቆጥራችሁ ተረከቡን፦ ስንት ሰው ዋና ቻለ፣ ስንቱ ሴት ነው፣ ስንቱ ሳያቋርጥ መጣ። ካልረባን ክፍሉን ውሰዱት።

ለእናንተ ደግሞ፣ ጎረቤቶቼ፣ አጭር ነው የምለው። ቁምጣ፣ ቲሸርትና ፎጣ ይበቃል። ጀልባ ግዙ የሚላችሁ የለም፣ ሃንጋሪም ቢሆን የጀማሪው ጀልባ የክለቡ ነው። ውሃ የምትፈሩ ኑ፣ አብዛኞቻችን እንፈራለን። «ዕድሜዬ አለፈ» የምትሉም ኑ፣ እኔን ካዩኝ በኋላ ይህን ሰበብ የተዉ ሰዎች አሉ። ልጆቻችሁን ለመላክ የምትሰጉ እናቶችና አባቶች መጀመሪያ ራሳችሁ መጥታችሁ ገንዳ ዳር ተቀመጡና እዩ። ለጊዜው ቅዳሜ ጠዋት ጃን ሜዳ ዳር ነን። መጥረጊያ እንጨት የያዘ ሰው ካያችሁ እኛ ነን።

ክቡራን፣ መልሳችሁ በደብዳቤ ከሚሆን በቀጠሮ ቢሆን ደስ ይለኛል። በያጁ ማሽኑን ሲጨርስ ይዘነው እንመጣለን፣ ኮሪደራችሁ ላይ ይገባል። ከእናንተ አንዱ ለሦስት ደቂቃ ተኩል ይሞክረው። ቅያሪ ሸሚዝ ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል።

ከሰላምታ ጋር፣
የአራት ኪሎ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአራት ኪሎና አካባቢዋ ነዋሪዎች
ለመርካቶው በያጅ (ቸርኬው ተገኝቷል፣ ሰኞ አመጣለሁ)